ወደ ኦኪናዋ ለሚዛወር የወታደር ቤተሰብ፦ ከምጣዱ በፊት የትዕዛዙ ወረቀት

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። አሜሪካዊ ዜጋ የሆኑት ባለቤታቸው በአየር ኃይል ውስጥ ስታፍ ሳርጀንት ሲሆኑ፣ ከሰባት ወር በኋላ በነሐሴ ጃፓን ኦኪናዋ ደሴት በሚገኘው የካዴና ጦር ሰፈር እንዲገኙ ታዘዋል። ጠያቂዋና ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ በግሪን ካርድ ከመጡ አንድ ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ትኩረት እንዲሰበስብ የሚረዳ አደራል የተባለ መድኃኒት ይወስዳል፤ ታናሹ አራት ዓመቱ ነው። በወንድማቸው በኩል ግሪን ካርድ ያገኙት እናታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ባለቤታቸው ያሳደጉት ውሻም አለ። «ከየት ልጀምር? ምጣዴንና ጤፌን ይዤ መሄድ እችላለሁ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ስለ ምጣዱ እመለስበታለሁ፤ እኔም ራሴ በጊዜው መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ እሱ ነበር። ወታደር ቤተሰቦችን ለዝውውር በማዘጋጀት ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የታዘብኩት ግን አብዛኛው ቤተሰብ ዕቃ በመሸከፍ ጀምሮ በመጨረሻው ወር ወረቀት ፍለጋ መሯሯጡን ነው። ቅደም ተከተሉ ሊወሰን የሚገባው በዕቃው ክብደት ሳይሆን በሚፈጀው የጥበቃ ጊዜ ነው። በዚህ መለኪያ ደግሞ ከቤተሰባችሁ ሁሉ ረጅሙ ወረፋ ያለበት፣ አይሳቁብኝና፣ ውሻው ነው።

ጃፓን ከእብድ ውሻ በሽታ ነፃ ስለሆነች ከአሜሪካ የሚገባ ውሻ በቅድሚያ ማይክሮቺፕ ሊደረግለት፣ ከዚያም ቢያንስ በ30 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ሊከተብ፣ ከሁለተኛው ክትባት በኋላ ደሙ ተወስዶ የመከላከል አቅሙ በታወቀ ላቦራቶሪ ሊረጋገጥ ይገባል። ደሙ ከተወሰደበት ዕለት ጀምሮ ደግሞ 180 ቀን መቆጠር አለበት። ሠላሳውና መቶ ሰማንያው ሲደመር 210 ቀን ነው፤ ይኸውም ሰባት ወር መሆኑ ነው። ማይክሮቺፑ የገባው ከክትባቶቹ በፊት ካልነበረ ሁሉም ነገር ከአንድ ስለሚጀምር፣ በዚህ ሳምንት ወደ ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ይዘውት ይሂዱ። የመግቢያ ማስታወቂያውም ከመድረሻው ቀን ቢያንስ 40 ቀን አስቀድሞ ለጃፓን የእንስሳት ኳራንቲን ይላካል። ቀኑ ሳይሞላ ከደረሳችሁ የቀረውን ጊዜ ውሻው በኳራንቲን ያሳልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለቤትዎ የመዛወሪያ ትዕዛዝ ማግኘታቸው ብቻውን ቤተሰቡን ወደ ኦኪናዋ አይወስድም። የእርስዎና የልጆቹ ስም በትዕዛዙ ላይ እንዲሰፍር ኮማንድ ስፖንሰርሺፕ የሚባለው ፈቃድ መጽደቅ አለበት። የጉዞ ወጪ፣ የጦር ሰፈር ቤት፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም በጃፓንና በአሜሪካ መካከል እ.ኤ.አ. በ1960 የተፈረመው፣ ወታደሮቹ በአጭሩ «ሶፋ» የሚሉት ስምምነት የሚሰጠው የመኖሪያ መብት ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ፈቃድ ነው። የቆይታው ዘመንም በዚሁ ይወሰናል፤ ከቤተሰብ ጋር ሲሆን 36 ወር፣ ያለ ቤተሰብ ሲሆን 24 ወር ነው። «እሱ ይቅደም፣ እኛ እንደርሳለን» ከማለታችሁ በፊት ስማችሁ በትዕዛዙ ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

እዚህ ላይ ሌላው ሕዝብ የማይቸገርበት፣ እኛን ግን ደጋግሞ የሚያሰናክል ነገር አለ፤ ስም ነው። አበሻ ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ ልጅም በአባቱ የመጀመሪያ ስም ይጠራል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ አራት ሰዎች በአሜሪካ መዝገብ ላይ ሦስት ዓይነት «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይገኛሉ። በዚያ ላይ የጋብቻው ምስክር ወረቀት ሦስት ስም ሲይዝ ግሪን ካርዱ ሁለት ብቻ ይዞ ይሆናል፤ ያው «አሰፋ» በላቲን ፊደል አንዱ ቦታ በአንድ ‹ኤስ›፣ ሌላው ቦታ በሁለት ተጽፎ ይገኛል። ትዕዛዙ የሚታተመው ዲርስ ከሚባለው የወታደር ቤተሰብ መዝገብ ላይ ባለው ስም፣ የአየር ትኬቱ የሚቆረጠው ደግሞ በትዕዛዙ ስለሆነ፣ አንዲት ፊደል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልታስቀር ትችላለች። ፓስፖርትዎን፣ ግሪን ካርድዎን፣ የጋብቻ ወረቀቱንና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ልዩነት ካገኙ በመጀመሪያ ዲርስ ከሚጓዙበት ፓስፖርት ጋር እንዲስማማ ያስደርጉ። የአማርኛ ሰነዶቹንም በእንግሊዝኛ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ይያዙ።

ልጆቹን በሚመለከት ምናልባት ያላወቁት መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በግሪን ካርድ አሜሪካ ገብቶ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር፣ በእሱ አሳዳጊነት የሚኖር ከሆነ፣ ማመልከቻ ሳያስፈልገው በሕጉ ኃይል ዜጋ ይሆናል። አባታቸው ልጆቹ ሲገቡ ዜጋ ከነበሩ፣ ልጆችዎ የሚጓዙት በአሜሪካ ፓስፖርት እንጂ በግሪን ካርድ አይደለም ማለት ነው። ለዝውውሩ የሚያስፈልገው ኖ-ፊ የሚባለው፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የመንግሥት ጉዞ ፓስፖርት ሲሆን በዲዲ 1056 ቅጽ በጦር ሰፈሩ ፓስፖርት ቢሮ በኩል ይጠየቃል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱም ወላጆች በአካል መቅረብ አለባቸው፤ አባትየው በሥልጠና ላይ ከሆኑ በዲኤስ-3053 ቅጽ ፈቃዳቸውን በሕግ ፊት ፈርመው ይላኩ። ከዚህ ጋር መደበኛውንም ፓስፖርት ቢያወጡላቸው ይበጃል፤ በኖ-ፊ ፓስፖርት ገናን አዲስ አበባ ለማክበር መሄድ አይቻልምና።

እርስዎ ግን ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ነዎት፤ ኖ-ፊ ፓስፖርት ደግሞ ለዜጎች ብቻ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ፓስፖርትዎ ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ አሁኑኑ ያሳድሱት፤ የጃፓን ቪዛንና የሶፋ ማረጋገጫን ጉዳይ ደግሞ ከወታደራዊው ፓስፖርት ቢሮ ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጨርሱ። ብዙዎች «ሦስት ዓመት ውጭ ስኖር ግሪን ካርዴ ይቃጠልብኛል» ብለው ይጨነቃሉ። በመደበኛው ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው በግሪን ካርዱ መመለስ አይችልም፤ ነገር ግን በመንግሥት ትዕዛዝ ውጭ አገር ከሚያገለግል ወታደር ጋር የኖረች ሚስት ባሏን ቀድማ፣ አብራው ወይም በአራት ወር ውስጥ ተከትላው ስትመለስ ካርዷ ቀኑ ቢያልፍ እንኳ መግቢያ ሆኖ ያገለግላታል። የትዕዛዙን ቅጂ ከካርዱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡት።

ከዚህ የተሻለው ግን ጭንቀቱን ከሥሩ መንቀል ነው። የዜጋ ሚስት ዜግነት ለመጠየቅ በተለመደው መንገድ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለባት። ሆኖም በአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 319(b) መሠረት ባሏ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ወታደር ከሆነ የሦስት ዓመቱ የነዋሪነት ግዴታ ይቀርላታል። ግሪን ካርድ ይዛ፣ አብራው ለመኖርና አገልግሎቱ ሲያበቃ ለመመለስ እንዳሰበች ታረጋግጣለች፤ ፈተናውንና መሐላውንም አሜሪካ ውስጥ ትጨርሳለች። ማመልከቻው ኤን-400 ሲሆን፣ ከትዕዛዙ ጋር ዲዲ 1278 የተባለውን የውጭ ምደባ ማረጋገጫ ከባለቤትዎ ክፍል አስወጥተው ያያይዙት። ሰባት ወር ላይበቃ ይችላል፤ ለቃለ መጠይቁ ከደሴቱ ተመልሰው የሚመጡም አሉ። ይህ መንገድ ባይሳካ እንኳ በትዕዛዙ ላይ ስምዎ ሰፍሮ ከባለቤትዎ ጋር የኖሩበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ እንደኖሩ ስለሚቆጠር፣ ሦስት ዓመቱ ሲሞላ እዚያው ሆነው ማመልከት ይችላሉ። በእኔ ሚዛን ከዕቃ ጭነት ሁሉ የሚቀድመው ሥራዎ ይህ ማመልከቻ ነው።

የእናትዎ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ጥያቄዎ ውስጥም በአንዲት ሐረግ ብቻ አልፈውታል። አሁን ስለ ግሪን ካርድ የነገርኩዎት ልዩ መብት ለሚስትና ለልጅ እንጂ ለአማት አይሠራም። እናትዎ ኦኪናዋ ሄደው ከአንድ ዓመት በላይ ቢቀመጡ ካርዱ መመለሻ አይሆናቸውም። የመመለሻ ፈቃዱ በአይ-131 ቅጽ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ እያሉ ነው፤ አሻራም እዚሁ ይሰጣሉ፤ ፈቃዱም ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው። ይህ የአሜሪካው በኩል ሲሆን፣ በጃፓን በኩል ደግሞ በሶፋ ለመኖር የባለቤትዎ ሕጋዊ ጥገኛ ሆነው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ለዚህም ባለቤትዎ ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑ መሆኑን በደረሰኝና በባንክ ወረቀት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ሒደቱም ጊዜ ይፈጃል። ያ ካልሆነ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ጠይቀው ለአጭር ጊዜ የሚገቡ እንግዳ ይሆናሉ፤ እንግዳ ደግሞ በወታደሩ ሆስፒታልም ሆነ ኮሚሰሪ በሚባለው የጦር ሰፈሩ ገበያ መብት የለውም። እናት ልጆቹን ስለሚይዙልን ይዘናቸው እንሂድ ማለት የሁላችንም ባህል ነው፤ ቢሆንም ካርዳቸውን ከማጣት በወንድምዎ ቤት ቆይተው ለጥየቃ ቢመጡ እመርጣለሁ። ይህን ውይይት ከወንድምዎ ጋር ዛሬ እንጂ በሐምሌ አያድርጉት።

ቀጥሎ የጤና ምርመራው ይመጣል። ስፖንሰርሺፑ ከመጽደቁ በፊት የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የሕክምናና የትምህርት መዝገብ ይታያል። ቀጣይ ክትትል ወይም በትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ኢኤፍኤምፒ በሚባለው ፕሮግራም ይመዘገባል፤ ደሴቱ ላይ የሚያስፈልገው አገልግሎት መኖሩም በቅድሚያ ይጣራል። አንዳንድ ወላጅ «ጉዞው ይከለከልብናል» ብሎ የልጁን ነገር ይደብቃል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከደረሱ በኋላ ሲገለጥ ቤተሰቡ እንዲመለስ ሊደረግ ይችላል። በተለይ ስለ አደራል በግልጽ ልናገር። መድኃኒቱ የተሠራበት አምፌታሚን በጃፓን ሕግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሐኪም ማዘዣ ቢኖርም፣ ሻንጣ ውስጥም ሆነ በወታደር ፖስታ፣ ወደ ጃፓን ማስገባት ወንጀል ነው። የልጁ ሐኪም በጃፓን ወደተፈቀደ ሌላ መድኃኒት እንዲያዛውሩት አሁን ያማክሯቸው፤ አዲሱ መድኃኒት ለልጁ መስማማቱን ለማየትና መጠኑን ለማስተካከል ወራት ያስፈልጋሉና። አንዳንዶቹ የተፈቀዱ መድኃኒቶችም ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋሉ።

አሁን ምጣዱ። የስታፍ ሳርጀንት ቤተሰብ የዕቃ ክብደት ጣሪያ 9,000 ፓውንድ ነው፤ ትዕዛዙ ሙሉውን ወይም ከፊሉን ብቻ መፍቀዱን ግን ያንብቡ። ዕቃው ለሦስት ይከፈላል፤ አብሮ የሚበር ሻንጣ፣ ቀድሞ የሚላክ ጥቂት ጭነት፣ በባሕር ወራት ፈጅቶ የሚደርስ ዋና ጭነት። የቀረው በመንግሥት ወጪ መጋዘን ይገባል። በጦር ሰፈሩ ቤቶች ፍሪጅ፣ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ ስላለ እነዚህን አይጫኑ። ምጣዱን ቀድሞ በሚላከው ጭነት ያድርጉት።

በጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ እንደ አሜሪካው 120 ቮልት ስለሆነ ምጣድዎ እንደለመደው ይሠራል። ከጦር ሰፈሩ ውጭ ቤት ከተከራዩ ግን የጃፓን መስመር 100 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ኃይሉ የሚወርደው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ 1,500 ዋት የሚለው ምጣድ ወደ 1,040 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ሢሶው ሄደ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን ውጭ ተከራይቼ ስኖር ምጣዱ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ሊጡን አፍስሼ ስጠብቅ ዓይኑ ሳይወጣ መሐሉ እንደ ቂጣ ይደርቃል። ኋላ የገባኝ ችግሩ ከሊጡም ከምጣዱም አለመሆኑ ነበር። ከመቶ ወደ 120 ቮልት የሚያሳድግ፣ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ገዝቼ ነው የተገላገልኩት። ከኢትዮጵያ የመጣ 220 ቮልት ምጣድ ካለዎት ለወንድምዎ ይተዉት።

ጤፉን በዱቄት መልክ፣ ፋብሪካው ባሸገበት ከረጢት ይያዙት፤ እህሉ፣ ልክ እንደ ጥሬ ቡና፣ የዕፅዋት ኳራንቲን ምስክር ወረቀት የሚጠየቅበት ነው። በርበሬና ሽሮውም ቢሆን በላስቲክ የተቋጠረ ሳይሆን የታሸገና ስሙ የተጻፈበት ይሁን፤ ለመርማሪውም ሳይጠየቁ ያሳዩ። ቋንጣ ግን በምንም መልኩ አይሞከርም። ጃፓን ያለ መንግሥት ምርመራ ወረቀት የሚገባ ሥጋን፣ የደረቀም ይሁን የበሰለ፣ ትከለክላለች፤ ቅጣቱም እስራትን ይጨምራል፤ በሻንጣ የቀረው በፖስታ ይመጣል ብለውም አያስቡ። ለንጥር ቅቤ አይጨነቁ፤ ጨው የሌለውን ቅቤ ከኮሚሰሪው ገዝተው በኮረሪማና በኮሰረት ያነጥሩታል። ቡናም አይቸግርም፤ ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» ብለው ከጥንት ያውቁታል፣ የይርጋጨፌውም በየቡና መደብሩ ይገኛል። ለጾም ደግሞ ሺማ ዶፉ የሚሉት የደሴቱ ጠንካራ ቶፉ ለቁሌት የተፈጠረ ይመስላል። እርሾን በተመለከተ በበጋው ሙቀት ሊጡ ቶሎ ስለሚቦካ በሜሪላንዱ ልማድ ሦስት ቀን ብለው አይጠብቁት፤ አፍንጫዎን ይመኑ።

እርጥበቱ የኦኪናዋ ዋና ጠላት ነው። ከግንቦት ጀምሮ እስከ ሰኔ ማለቂያ ዝናቡ ሲወርድ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ሁሉ ይሻግታል። ነጭ የአበሻ ቀሚስና ነጠላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ቆዳ ጫማና ከእንጨት የተሠራ ሥዕለ አድኅኖም አይተርፉም። የማይተኩትን፣ የሠርግ ልብስዎንና የቤተሰብ ፎቶዎችን፣ ከእናትዎ ጋር ይተዉ። የሚሄደውን ደግሞ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ደረሱ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ይግዙ።

መኪናዎን አይጫኑት፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1976 በኋላ የተመረተ መኪና በጃፓን የጭስ መመዘኛ ስለሚያዝ፣ ሰዎች እዚህ በመንግሥት ወጪ መጋዘን አስቀምጠው እዚያ ያገለገለ ትንሽ መኪና ይገዛሉ። የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። ደሴቱ ከአሜሪካ ወደ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 30 ቀን 1978 በአንድ ሌሊት ከቀኝ ወደ ግራ መዛወሩን ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያወሩታል፤ ስለዚህ ግራ መጋባት ያለ ነው። ባለቤትዎ ግን ይህን ይወቁ፦ በጃፓን የአልኮል ጣሪያው 0.03 ከመቶ ሲሆን፣ ሰክሮ ከሚነዳ ሰው ጎን አውቆ የተቀመጠም ይቀጣል።

ገንዘብን በሚመለከት፣ ቤት እስኪሰጣችሁ ድረስ በእንግዳ ማረፊያ ስትቆዩ ቲኤልኤ የሚባለው አበል ይከፈላል፤ የሚከፈለው ግን ደረሰኝ ካቀረባችሁ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከኪሳችሁ የምትችሉበት ገንዘብ ይኑራችሁ። ወደ አገር ቤት በየወሩ የሚልኩት ካለ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት እንደሚቀንስ ለቤተሰብ አስቀድመው ይንገሩ። ሥራ ቢፈልጉ በሶፋ የገባች ሚስት ከጦር ሰፈሩ ውጭ ተቀጥራ መሥራት የመኖሪያ መብቷን ሊያናጋ ይችላል፤ የወታደር ሚስቶች ቅድሚያ የሚያገኙባቸውን በሰፈሩ ውስጥ ያሉ ሥራዎች ይመልከቱ።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ትሑትና ጨዋ ነው፤ ቁስልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1945 በተካሄደው ጦርነት በርካታ ሲቪል ያለቀባት ደሴት ናት፤ ዛሬም ከዋናው ደሴት መሬት 15 ከመቶ ያህሉ በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች የተያዘ ነው። በር ላይ የተቃውሞ ሰልፍ ሲያዩ ልጆቹ «ለምን ይጠሉናል?» ይሏችኋልና የመሬቱን ታሪክ አስቀድመው ያጫውቷቸው። መሬት መነጠቅ ምን እንደሆነ ለአበሻ ማስረዳት አይከብድም።

በነሐሴ መድረሳችሁ ማለት በታይፉን፣ ማለትም በከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት እምብርት፣ ዋናው ጭነት ገና ባሕር ላይ ሳለ መድረስ ነው። ከባለቤትዎ ክፍል የሚመደብላችሁ ስፖንሰር ተብሎ የሚጠራ ወታደር አለ፤ ስሙ እንደ ታወቀ እርስዎ ራስዎ ይጻፉለት። ማረፊያው ክፍል ማብሰያ እንዳለው፣ ውሻ እንደሚቀበል፣ ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ኮሚሰሪው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ይጠይቁት። በእጅ ሻንጣዎ ውስጥ የሁሉንም ሰነድ ቅጂ፣ የልጁን አዲስ መድኃኒት ከነማዘዣው፣ የእጅ ባትሪና ማብሰል የማያስፈልገው የሦስት ቀን ምግብ ይኑር፤ በሶ ለዚህ የሚወዳደረው የለም።